ሸክሙ የት ሄደ? ጣሪያን ሆን ብሎ የመጣል ታሪክ

እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። ከመሬት በታች 300 ሜትር ጥልቀት ላይ ቆማችኋል እንበል። ከጭንቅላታችሁ በላይ ያለው በሙሉ ድንጋይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ በአማካይ 2.5 ቶን ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የተጫነው 300 ሲባዛ በ2.5፣ ማለትም 750 ቶን ነው። በኩንታል ካሰብነው 7,500 ኩንታል። ሁለት ሰዎች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና በሚጠጡባት ቦታ ላይ 7,500 ኩንታል ጤፍ ተከምሯል ማለት ነው!

አሁን ፊት ለፊታችሁ ሁለት ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ከሰል ንጣፍ አለ። ሥራችሁ እሱን ቆርጦ ማውጣት ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያንን ሁሉ ክብደት ለሚሊዮኖች ዓመታት ተሸክሞ የኖረው ራሱ ከሰሉ ነው። ታዲያ ከሰሉን ስታወጡት 7,500ው ኩንታል የት ይሄዳል?

ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። የከሰል ቆፋሪዎች ከ300 ዓመት በላይ ሲመልሱት ኖረዋል፤ ብዙዎችም ሞተውበታል። እኔ ምህንድስና ስማር መልሱን መጀመሪያ ስሰማው የተቀለደብኝ ነበር የመሰለኝ። ምክንያቱም የተሻለው መልስ «ጣሪያውን አጥብቀህ ያዝ» የሚል አይደለም። «ጣሪያው ይውደቅ፤ ግን የት እና መቼ እንደሚወድቅ አንተ ወስን» የሚል ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሰዎች እዚህ ሐሳብ ላይ እንዴት እንደደረሱ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምሰሶ ትቶ መሄድ

የድንጋይ ከሰል ሲነሳ ከሀገራችን ያዩ እና ደልቢ-ሞዬ ትዝ ይሏችሁ ይሆናል። የዛሬው ታሪካችን ግን የሚጀምረው እንግሊዝ ውስጥ ነው።

የጥንቶቹ የእንግሊዝ ቆፋሪዎች የሰጡት መልስ እኔም እናንተም ብንጠየቅ የምንሰጠው ዓይነት ነበር፤ ሁሉንም አታውጣ፣ ምሰሶ ተው። ከሰሉ ውስጥ መንገድ ይቆፍራሉ፤ ከዚያ እሱን የሚያቋርጡ ሌሎች መንገዶች ይቆፍራሉ። በመካከል አራት ማዕዘን የከሰል ምሰሶዎች ይቀራሉ። ከላይ ማየት ቢቻል የከተማ ካርታ ይመስላል፤ ጎዳናዎቹ የተቆፈረው፣ ሕንፃዎቹ ደግሞ ሳይነካ የቀረው ከሰል ነው። ይህ ዘዴ «ክፍልና ምሰሶ» ይባላል፤ ዛሬም ድረስ ይሠራበታል።

ነገር ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። ከከሰሉ ግማሹን ካወጣችሁ ቀሪው ግማሽ የራሱንም የሄደውንም ሸክም ይይዛል። በካሬ ሜትር 750 ቶን የነበረው 1,500 ይሆናል። ሦስት አራተኛውን ካወጣችሁ ደግሞ 3,000 ቶን! ከድንጋዮች ሁሉ ከሰል ደካማ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ ይፈረፈራል። ስለዚህ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ምሰሶዎቹን ማወፈር አለባችሁ። ምሰሶው ሲወፍር የምታወጡት ይቀንሳል። በጣም ጥልቅ ስትሆኑ አብዛኛውን ሀብት ምሰሶ አድርጋችሁ ትታችሁት ልትወጡ ነው። ለዚህ ነው ሌላ መንገድ መፈለግ የግድ የሆነው።

ረጅሙ ግድግዳ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ሽሮፕሺር በሚባለው የእንግሊዝ ግዛት የነበሩ ቆፋሪዎች አዲስ ነገር ጀመሩ። መንገድ መንገድ መቆፈሩን ትተው በአንድ ረጅም መስመር ጎን ለጎን ተሰለፉ። ሁሉም ፊት ለፊታቸው ያለውን ከሰል እየቆረጡ መስመሩን እንዳለ ወደፊት ገፉት። ልክ ገበሬዎች በደቦ ተሰልፈው ስንዴ ሲያጭዱ ማሳው አንድ ላይ ወደ ኋላ እንደሚሸሸው ማለት ነው። ምንም ምሰሶ አልተዉም። ዘዴው በኋላ «ሎንግዎል» ተባለ፤ ረጅም ግድግዳ ማለት ነው።

«ታዲያ ጣሪያውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ከሰሉን ሲያወጡ አብሮ የሚወጣ የማይረባ ድንጋይ አለ። እሱን ወደ ላይ ከማጓጓዝ ይልቅ ከኋላቸው በተከፈተው ባዶ ቦታ የድንጋይ ካብ ካቡበት። ጣሪያው ቀስ እያለ ጎንበስ ይልና ካቡ ላይ ይተኛል። ይህን ከኋላ የሚቀረውን ቦታ ቆፋሪዎቹ «ጎፍ» ይሉታል። ስሙን ያዙት፤ ብዙ ጊዜ እንመለስበታለን።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። ሸክሙ የት ሄደ? ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ወደፊት ሄዶ ገና ያልተቆረጠው ከሰል ላይ ተጫነ፤ ቀሪው ወደ ኋላ ሄዶ ጎፉ ላይ አረፈ። ድልድይ አስቡ። አንዱ እግሩ ከሰሉ ላይ፣ ሌላው እግሩ ጎፉ ላይ ነው። ሰዎቹ የሚሠሩት በሁለቱ መካከል፣ ጥቂት ሜትር ስፋት ባላት ቦታ፣ ድልድዩ ሥር ነው። ድልድዩም ከነሱ ጋር በየቀኑ ወደፊት ይሄዳል።

የሚናገር እንጨት

ድልድዩ ግን ንጹሕ ድልድይ አይደለም። የታችኛው ክፍሉ የተሰነጣጠቀና የላላ ነው፤ ካልተደገፈ ሰው ላይ ይወርዳል። እሱን የሚደግፉት በእንጨት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ሶሌታው ሥር የሚደረደሩትን የባህር ዛፍ ቋሚዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ነገሩ እንደዚያ ነው። እንጨቱን ያቆሙና ጫፉ ላይ በሽብልቅ ያጠብቁታል።

አንድ ጊዜ ቤተ ሙከራ ውስጥ አጭር የእንጨት ቁራጭ በመጭመቂያ ማሽን ስንጨምቅ አንድ ነገር ገርሞኛል። ማሽኑ ስክሪን ላይ ቁጥሩ መውረድ ሳይጀምር እንጨቱ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ጠሽ ማለት ጀመረ። ማሽኑ ገና ሳያውቅ ጆሮዬ አወቀ! የድሮ ቆፋሪዎች ይህን ከኛ በላይ ያውቁት ነበር። የጥድ እንጨት ከመሰበሩ በፊት ስለሚጮህ ይወዱት ነበር። እንጨቱ «ሲናገር» ሰው ዕቃውን ጥሎ ይሸሻል። ብረት ሲመጣ ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ያጉረመረሙትም ለዚህ ነው፤ ብረት ዝም ብሎ ይከዳል።

ሁልጊዜ ግን ሩጦ ማምለጥ አይቻልም ነበር። የከሰል ጉድጓድ አደጋ ሲባል አእምሯችን ላይ የሚመጣው የጋዝ ፍንዳታ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የሚወጣውም እሱ ነበር። በብሪታንያ ግን በጠቅላላው ሲደመር ከፍንዳታ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው የጣሪያ መናድ ነው። የሚገድለው አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እያደረገ ስለሆነ ወሬው ከመንደር አያልፍም ነበር።

የእንጨቱ ፍላጎትም ቀላል አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ ከውጭ የምታስገባው እንጨት ሲጓደልባት ደን የሀገር ህልውና ጉዳይ መሆኑ ገባት። በ1919 የደን ኮሚሽን ያቋቋመችው በዚህ ጭንቀት ነው፤ ከጭንቀቱ ዋና ምክንያቶች አንዱ ደግሞ የከሰል ጉድጓድ ድጋፍ ነበር።

እጅ መስጠትን የሚያውቅ ድጋፍ

እዚህ ላይ ቆም እንበልና አንድ ነገር እንጠይቅ። አንድ የእንጨት ቋሚ እንዴት 750 ቶን ይይዛል? አይይዝም! ሊይዝም አይሞክርም። የእሱ ሥራ ከበላዩ ያለውን የላላ ንብር ብቻ መያዝ ነው። ንብሩ ሁለት ሜትር ቢወፍር ክብደቱ በካሬ ሜትር 5 ቶን ነው። 5 ቶን ደግሞ ይቻላል። ቀሪው 745 ቶን በድልድዩ በኩል ወደፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል።

ችግሩ ያ ትልቁ ድንጋይ ከሰሉ ሲወጣ ትንሽ ትንሽ መውረዱ አይቀርም። ምንም ብረት አያቆመውም። ስለዚህ ጥሩ ድጋፍ ሁለት ጠባይ ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ ገና እንደቆመ ጠንክሮ መግፋት አለበት፤ ያለዚያ የላላው ንብር ከላይኛው ይለያያል። ሁለተኛ፣ ተራራው ሲመጣበት ሳይሰበር ቀስ እያለ ዝቅ ማለት አለበት። ግትር የሆነ ድጋፍ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ጣሪያውን ወይም ወለሉን ይበሳል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡት የብረት ቋሚዎች አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ እየተንሸራተተ ዝቅ እንዲል ተደርገው የተሠሩት ለዚህ ነው።

ከብረቱ ጋር ትልቁ የአስተሳሰብ ለውጥ ተስፋፋ። ካብ መካብ ብዙ ጉልበት ይበላል። የኋለኛውን መስመር ድጋፍ ነቅለን ጣሪያውን ብንጥለውስ? ሊሆን የሚችለው የተሰበረ ድንጋይ ቦታ ስለሚፈጅ ነው። ጎመን ስትከትፉ ሳህኑን እንደሚሞላው፣ ድንጋይም ሲፈራርስ በመካከሉ ክፍተት ስለሚፈጠር መጠኑ ይጨምራል። ጭማሪው 30 በመቶ ነው እንበል። ሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ለመሙላት ስንት ሜትር ጣሪያ መውደቅ አለበት? 2 ለ0.3 ሲካፈል 6.7 ሜትር ገደማ። ከዚያ በላይ ያለው ድንጋይ ፍርስራሹ ላይ ያርፋል፤ ጎፉም እንደገና ሸክም መያዝ ይጀምራል። ጣሪያው ራሱን በራሱ ካበ ማለት ነው።

እንጨቱን ወይም ብረቱን የሚነቅለው ሰው ሥራ ግን ያስፈራል። አንዳንዶቹ «ሲልቬስተር» በሚባል በሰንሰለት የሚጎትት መሣሪያ ከርቀት ይነቅሉ ነበር። ቢሆንም ያው፣ ጣሪያ ለመጣል ጣሪያ ሥር መግባት ነበረባቸው።

ሸክሙ ሰዎቹ ላይ ሲያርፍ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የብሪታንያ ሎንግዎል በሦስት ፈረቃ ይሠራ ነበር። አንዱ ፈረቃ ከሰሉን ሥሩን ይቆርጣል፤ ሌላው ማጓጓዣውን ያዛውራል፣ መተላለፊያውን ያሰፋል፤ ሦስተኛው ከሰሉን በአካፋ ይጭናል። በአንድ ዑደት ከ40 እስከ 50 የሚደርሱ ሰዎች ይሳተፋሉ፤ ግን አንዱ ፈረቃ ሌላውን በደንብ አያገኘውም።

ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበረም። ጥቂት ጓደኛሞች ወይም ዘመዳሞች አንድ ላይ ሆነው ቁፋሮውንም፣ ድጋፉንም፣ ጭነቱንም ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ከእነሱ መካከል አንዱ ያቆመው እንጨት ሥር የሚሠራው ያው ራሱ ነው። በሦስቱ ፈረቃ ግን አንዱ በግዴለሽነት ያቆመው ድጋፍ ሥር ስሙን እንኳ የማያውቀው ሌላ ሰው ይገባል። አንዱ ፈረቃ ከዘገየ ደግሞ ጣሪያው ያለ ሥራ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ጣሪያ ሰዓት ይቆጥራል፤ በቆየ ቁጥር ይወርዳል። ጣጣው የሚደርሰው ለሚቀጥለው ፈረቃ ነው።

በ1951 ኤሪክ ትሪስት እና ኬን ባምፎርዝ ይህን ጉዳይ በጥናት ጻፉት። ባምፎርዝ ራሱ የቀድሞ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ትሪስት ደግሞ ለንደን በሚገኘው የታቪስቶክ ተቋም የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ። ማሽኑ ተሻሽሎ ሳለ ሠራተኛው ለምን እንደሚቀር፣ ለምን እንደሚጨነቅ፣ ፈረቃዎቹ ለምን እርስ በርስ እንደሚካሰሱ አሳዩ። ከጀርባ ያለው ነገርም ደስ ይላል። ባምፎርዝ በአንድ የደቡብ ዮርክሺር ጉድጓድ የጣሪያ አያያዙ ስለተሻሻለ ቆፋሪዎቹ እንደ ጥንቱ በትንሽ ቡድን ሁሉንም ሥራ አብረው መሥራት እንደጀመሩ አይቶ ነበር። ዛሬ የሥራ አመራር ትምህርት ውስጥ «ማሽኑንና ማኅበሩን አንድ ላይ ንደፍ» የሚለው ሐሳብ ከሥሮቹ አንዱ ይህ ከመሬት በታች የታየ ነገር ነው። እኔ ምህንድስና ስማር ድጋፍ ማለት ብረትና ቀመር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ድጋፉን ማን ያቆመዋል፣ ሥሩስ ማን ይቀመጣል የሚለውም የምህንድስና ጥያቄ ነው።

የአውሮፕላን እግር ከመሬት በታች

ቀጣዩ እርምጃ ከሰማይ ወረደ ብል አታምኑኝም ይሆናል። ዳውቲ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያ እግር ይሠራ ነበር። የአውሮፕላን እግር ምን ያደርጋል? ከባድ ነገር ሲያርፍበት ሳይሰበር በፈሳሽ ግፊት ዝቅ ይላል። ይኸው ነዋ፤ ቆፋሪዎቹ የሚፈልጉት ድጋፍ! ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኩባንያው ይህን ጥበብ ወደ ከሰል ጉድጓድ አመጣው። ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚነሳበትን ሃይድሮሊክ ክሪክ ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል። ስትጭኑት ይጠነክራል፤ ሸክሙ ከልክ ሲያልፍ ቫልቩ ጥቂት ፈሳሽ ይለቅና ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይይዛል። እጅ መስጠትን የሚያውቅ ድጋፍ ማለት ይህ ነው።

በዚያው ዘመን ሌሎች ነገሮች ተገጣጠሙ። ጀርመኖች በ1940ዎቹ ሳይፈታ እንደ እባብ እየተጣጠፈ ወደ ጎን የሚገፋ የብረት ማጓጓዣ ሠርተው ነበር። በ1952 ደግሞ በላንካሺር፣ ጄምስ አንደርተን የፈለሰፈው ከሰሉን እየፈቀፈቀ የሚጭን ማሽን ሥራ ጀመረ። ማሽኑ ፈጣን ስለሆነ ቋሚ በእጅ እየነቀሉ መትከል አልደረሰበትም። ስለዚህ በ1950ዎቹ ክሪኮቹን በአንድ ላይ አስረው የሚራመዱ አደረጓቸው። አካሄዱ እንዲህ ነው፤ ድጋፉ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ራሱን ወደ ማጓጓዣው ይጎትታል፣ እንደገና ከፍ ብሎ ጣሪያውን ይገፋል። ከኋላው የነበረው ጣሪያ ድጋፍ ያጣና ይወድቃል። ጣሪያ ለመጣል ሰው መሞት ቀረ፤ ቢያንስ ቋሚ ነቅሎ የሚሞት።

የዛሬዎቹ ድጋፎች ከኋላ በኩልም በብረት ጋሻ የተሸፈኑ ናቸው፤ ፍርስራሹ ወደ ሰዎቹ እንዳይገባ። አንዱ ብቻውን ከ1,000 ቶን በላይ ይገፋል። ከመቶ በላይ የሚሆኑት በ200 ወይም በ300 ሜትር መስመር ላይ ተደርድረው ተራ በተራ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። ከኋላቸው ተራራው ይናዳል፤ ከፊታቸው ከሰሉ ይቆረጣል።

አልወድቅም ያለ ጣሪያ

ታዲያ ችግሩ አለቀ? አላለቀም። ለነገሩ ከባዱ ችግር ጣሪያው ሲወድቅ ሳይሆን አልወድቅ ሲል ነው። ከከሰሉ በላይ ያለው ድንጋይ በጣም ጠንካራ ከሆነ ድጋፉ ካለፈ በኋላም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሠላሳ ሜትር፣ አምሳ ሜትር እያለ ይዘረጋል። ሸክሙ በሙሉ ፊት ለፊት ባለው ከሰልና በድጋፎቹ ላይ ይከማቻል። ከዚያ አንድ ቀን እንዳለ ይወርዳል፤ ሥሩ የነበረውን አየር ጨፍልቆ ሰው የሚያነሳ ነፋስ አድርጎ ይተፋዋል።

በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ የሚገኘው ሙኒ የሚባል ጉድጓድ እንዲህ ዓይነት ጣሪያ ነበረው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሐንዲሶች ወደ ጣሪያው ቀጭን ጉድጓድ በስተው በከፍተኛ ግፊት ውኃ አስገቡበት። ውኃው ድንጋዩን ሰንጥቆ እነሱ በፈለጉት ሰዓት፣ ሠራተኞቹ ከአካባቢው ከወጡ በኋላ፣ እንዲወድቅ አደረገው። ልብ በሉ፤ ለዘመናት ጣሪያ እንዳይወድቅ የተጨነቀ ሙያ አሁን ገንዘብ እያወጣ ጣሪያ ያስወድቃል።

ሸክሙ ሲረሳ

ሸክም ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም ብለናል። ይህን መርሳት ምን እንደሚያስከፍል ሁለት ታሪኮች ላንሳ።

የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካ፣ ኮልብሩክ ነው። በምሰሶ የሚሠራ ጉድጓድ ነበር። ጥር 21 ቀን 1960 አንድ አካባቢ ያሉ ምሰሶዎች ተሰበሩ። የተሰበረ ምሰሶ ሸክሙን ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ ጎረቤቱም ይሰበርና ለቀጣዩ ይሰጣል። ወደ 900 የሚጠጉ ምሰሶዎች ተራ በተራ ሄዱ። 435 ሰዎች እዚያው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሚክሎሽ ሳላሞን እና ባልደረባው ሙንሮ የምሰሶን ጥንካሬ በግምት ሳይሆን በመረጃ ለማወቅ የተነሱት። 98 ጸንተው የቆሙና 27 የተናዱ፣ በድምሩ 125 የምሰሶ ቦታዎችን አነጻጽረው በ1967 ቀመር አወጡ። እኔም ዛሬ ክፍል ውስጥ ያንን ቀመር ስሠራ 27ቱ ቁጥሮች ብቻ አይመስሉኝም።

ሁለተኛው አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት፣ ክራንዳል ካንየን ነው። እዚያ በሰሜንም በደቡብም በሎንግዎል ከሰሉ ወጥቶ ነበር። በመካከል ዋናውን መተላለፊያ የሚጠብቁ ወፋፍራም የከሰል ግድግዳዎች ቀርተዋል። ከሁለቱም ጎን የተነሳው ሸክም ከፊሉ ያረፈው እነሱ ላይ ነው። ከበላያቸውም ከ500 ሜትር በላይ ድንጋይ አለ። በ2007 እነዚያኑ ግድግዳዎች እየቆረጡ ነበር። መጋቢት ላይ የሰሜኑ ክፍል በኃይለኛ ፍንዳታ መሰል መናድ ተጎዳ፤ ሥራው ወደ ደቡቡ ተዛወረ። ነሐሴ 6 ቀን በሰከንዶች ውስጥ ሰፊ ቦታ ተደረመሰ፤ ስድስት ሰዎች ተቀበሩ። ከአሥር ቀን በኋላ ሊያወጧቸው ሲቆፍሩ ከነበሩት ሦስቱ በሌላ መናድ ሞቱ። ስድስቱ እስከ ዛሬ አልወጡም።

በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች ላይ 3.9 ተመዝግቦ ነበር። የጉድጓዱ ባለቤት «የመሬት መንቀጥቀጥ ነው» አለ። የሴይስሞሎጂ ባለሙያዎች ግን የሞገዱን ቅርጽ አይተው የተመዘገበው የጉድጓዱ መደርመስ ራሱ እንደሆነ አሳዩ። የመንግሥት ምርመራም የጉድጓዱ ንድፍ በቂ እንዳልነበር ደመደመ። ተራራው ያለ ምክንያት አልተነሳባቸውም። ሸክሙ የት እንዳለ መታወቅ ነበረበት።

ላይኛው መሬት

አንድ የቀረን ቦታ አለ፤ እኛ የምንኖርበት ላይኛው መሬት። ጎፉ ሲጨመቅ ከላይ ያለው ሁሉ ተከትሎ ዝቅ ይላል። መሬቱ ከከሰሉ ውፍረት ከግማሽ በላይ ሊሰምጥ ይችላል። ሎንግዎል እዚህ ላይ አንድ ደግ ጎን አለው፤ መስመጡ ሳይቆይ ይመጣል፣ ሊተነበይም ይችላል። የብሪታንያ ብሔራዊ የከሰል ቦርድ ከብዙ ጉድጓዶች ልኬት ሰብስቦ መሬት የት ስንት እንደሚወርድ የሚያሰላ የመሐንዲሶች መመሪያ እስከማዘጋጀት ደርሷል። የድሮ ምሰሶ ግን ባለቤቱ ከተረሳ ከመቶ ዓመት በኋላ ድንገት ቢሰበር አይገርምም።

መተንበይ ግን ማስቀረት አይደለም። በጀርመን የሩር አካባቢ አንዳንድ ቦታዎች ከ20 ሜትር በላይ ሰምጠዋል። ወንዝ ወደ ላይ ስለማይፈስ ውኃው በፓምፕ ካልተገፋ ብዙ ሰው የሚኖርበት አካባቢ ሐይቅ ይሆናል። የጀርመን የመጨረሻው ጥልቅ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ፣ ፕሮስፐር-ሃኒል፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ተዘግቷል። ፓምፖቹ ግን አልቆሙም፤ ሊቆሙም አይችሉም። ወጪውን የሚሸፍን ልዩ ተቋም ተቋቁሟል። ጀርመኖች ለዚህ ወጪ ያወጡለት ስም «ኤቪግካይትስላስተን» ነው። ትርጉሙን ልንገራችሁ? «የዘላለም ሸክሞች»።

መጀመሪያ ላይ 7,500 ኩንታሉ የት ይሄዳል ብለን ጠይቀን ነበር። ከከሰሉ ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ጎፉ፣ ከአንዱ ፈረቃ ወደ ሌላው፣ ከጉድጓዱ ወደ ላይኛው መንደር፣ ከትናንቱ ሰው ወደ ዛሬው ሲሄድ አየነው። የትም አልጠፋም። እናንተም አንድ ቀን ድልድይ፣ ግድብ ወይም ሕግ የምትነድፉ ከሆነ አንድ ሰው መጥቶ «በቃ፣ ችግሩን አስወግደነዋል» ሲላችሁ ቶሎ አታጨብጭቡ። መጀመሪያ ይህን ጠይቁት፤ «እሺ፣ ሸክሙ አሁን ማን ላይ ነው?»